ሳይፈላለጉ መኖር በሚቻልበት ዘመን ብቸኝነትን የማቃለያ መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጣሪያ አምፖል ለመቀየር መሰላል አስፈለገኝ። ስልኬን አውጥቼ፣ ከተደረደሩት ምስሎች አንዱን መርጬ አዘዝሁ፤ በማግስቱ መሰላሉ በራፌ ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ፤ ያመጣውን ሰው እንኳ አላየሁትም። አምፖሉን ቀየርሁና መሰላሉን ከበሩ ጀርባ አቆምሁት። ከወራት በኋላ የጎረቤቴ በር ገርበብ ብሎ ሳለ በዚያ ሳልፍ፣ ከእርሱም በር ጀርባ ያው ዓይነት መሰላል፣ በዚያው ቀለምና በዚያው ቁመት ቆሞ አየሁ። አንድ ግድግዳ የምንጋራ ሁለት ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ለምንፈልገው ዕቃ ሁለት መሰላል ገዝተናል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ስም እንኳ አልተጠያየቅንም ነበር።

ስለ ዘመናችን ብቸኝነት ሲወራ ጥፋቱ ሁሉ በስልክ ላይ ይላከካል። ስልኩ ድርሻ አለው፣ ወደ እርሱም እመጣለሁ፤ ነገር ግን በእኔ ግምት ከስልኩ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ጉዳይ፣ ሰው ለሰው የሚያስፈልግባቸው ትንንሽ ምክንያቶች አንድ በአንድ በገበያ እየተተኩ ማለቃቸው ነው። መንገድ የሚጠይቅ ሰው ካርታ ይከፍታል፤ ዕቃ የሚዋስ ሰው ያዝዛል፤ ምክር የሚሻ ሰው በፍለጋ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል። እያንዳንዱ ምቾት ለብቻው ሲታይ ጥቅም ነው፤ ሲደማመሩ ግን አንድ ሰው የሌላውን በር የሚያንኳኳበት ሰበብ አይተርፈውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርባቸው ዘዴዎች በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ እርሱም የመፈላለግን አጋጣሚ ሆን ብሎ መልሶ መፍጠር ነው።

ጉዳዩ የግል ድክመት ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። ብሪታንያ በ2018፣ ጃፓን ደግሞ በ2021 ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር ሰይመዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃና ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሞት በዓመት ከ871,000 እንደሚበልጥ ገምቷል። ቀደም ሲል በ2010 ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በየጥናቱ ክትትል ወቅት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ይህን የማነሣው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም፤ ብቸኝነት ሲሰማው አፍሮ የሚደብቅ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ነገሩ እንደ ረኃብና እንደ ጥም የሰውነት ጥሪ እንጂ የሚያፍሩበት ጉዳይ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

የጎደለው ምን እንደሆነ መለየት

ብቻ መሆንና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። ብቸኝነት በሚሹት ግንኙነትና ባለዎት ግንኙነት መካከል ያለው ክፍተት የሚያመጣው ሕመም ነው፤ በዚህም የተነሣ ብቻውን እየኖረ የማይሰማው ሰው አለ፣ ሰው በሞላበት ቤት ተቀምጦ የሚሰማውም አለ። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ሮበርት ዋይስ በ1973 ብቸኝነትን በሁለት ከፍሎ አሳይቷል፤ አንደኛው ምስጢር የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ማጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው አብረውት የሚውሉት የወዳጆች ክበብ ማጣት ነው። ይህ ልዩነት ለተግባር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ለሌላው አይተካም። የልብ ወዳጅ የጎደለው ሰው በየሳምንቱ መቶ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ቢገኝ ጥሙ አይቆረጥም፤ የሚወድደው የትዳር ጓደኛ ያለው ሰው ደግሞ ክበብ እንደጎደለው ሳያስተውል፣ የጎደለውን ሁሉ ከአንድ ሰው እየጠበቀ ትዳሩን ያስጨንቃል።

የራስዎን ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። በ1978 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ከተዘጋጀውና ዛሬም በመላው ዓለም ከሚሠራበት ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ ተወስደው በ2004 ያጠሩት እነዚህ ናቸው፦ አብሮኝ የሚሆን ሰው እንደሌለኝ የሚሰማኝ ምን ያህል ጊዜ ነው? የተተውሁ መስሎ የሚሰማኝስ? ከሌሎች የተነጠልሁ መስሎ የሚሰማኝስ? ለእያንዳንዱ ከስንት አንዴ ከሆነ 1፣ አንዳንድ ጊዜ ከሆነ 2፣ ብዙ ጊዜ ከሆነ 3 ይስጡ። ድምሩ ከ3 እስከ 9 ይሆናል። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡት፤ በኋላ ይፈለጋል።

የሰውን ፊት የምናነብበት መነጽር

ሰዎች ብቸኝነት ሲሰማቸው መጀመሪያ የሚያስቡት ከሰው ጋር የሚገናኙበትን ቦታ መፈለግ ነው። ይህ ስሕተት ባይሆንም በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ዕድሜውን ለብቸኝነት ጥናት የሰጠው ጆን ካቾፖ እንዳሳየው፣ ብቸኝነት የቆየበት አእምሮ ከሰው ሊመጣ ለሚችል ጉዳት ከልክ በላይ ንቁ ይሆናል፤ ዝምታን እንደ ንቀት፣ መዘግየትን እንደ መገፋት ያነብባል፤ ከዚያም ራሱን ለመከላከል ሲል ይቆጠባል፤ መቆጠቡ ደግሞ ሌሎችን ያርቃል። ካቾፖ የተሳተፈበትና በ2011 የታተመ አንድ ሰፊ ምርመራ አራት ዓይነት የእርዳታ መንገዶችን አነጻጽሮ ነበር፤ እነርሱም የመግባቢያ ክሂል ማስተማር፣ ድጋፍ መስጠት፣ የመገናኛ አጋጣሚ ማብዛትና ስለ ሰው ያለን የተዛባ አስተሳሰብ ማቃናት ናቸው። በጥብቅ ሙከራዎች ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያሳየው የመጨረሻው ነው።

በቤትዎ የሚሠራ ቀላል ልምምድ አለ። ሰው ያስቀየመዎት ሲመስልዎት ወረቀት ይያዙና በመጀመሪያው መስመር ላይ የሆነውን ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ማክሰኞ መልእክት ላክሁለት፤ ከፍቶ አይቶታል፤ እስከ ዓርብ አልመለሰም»። በሁለተኛው መስመር ላይ እርስዎ የሰጡትን ትርጉም ይጻፉ፤ «ሰልችቼዋለሁ»። በሦስተኛው ላይ ሌሎች ሁለት የሚቻሉ ትርጉሞችን ይፈልጉ፤ ሥራ ላይ ሆኖ ከፍቶት ረስቶት ይሆናል፣ ወይም ጥያቄዎ ረጅም መልስ የሚሻ ሆኖበት ጊዜ እስኪያገኝ አቆይቶት ይሆናል። በአራተኛው ላይ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ተግባር ያስቀምጡ፤ «እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውልለታለሁ»። ልምምዱ ራስን እንዲያታልሉ አይደለም፤ ሰውዬው በእርግጥ ሰልችቶ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ፍርዱ ከማስረጃው እንዳይቀድም ነው። መልእክት መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ከመፈጠሩ በፊት የዚህ ዓይነት ኩርፊያ ምክንያት እንኳ አልነበረውም፤ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ተከፍቶ መነበቡን ሳያውቅ ሳምንታት በሰላም ይጠብቅ ነበር።

ስልኩን መጣል ሳይሆን መክፈል

ስልክን ጨርሶ መተው ለብዙ ሰው የማይሆን ምክር ነው፤ ሥራው፣ ባንኩ፣ ሩቅ ያለ ዘመዱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸውና። የሚሻለው ስልኩ ላይ የሚያደርጉትን በሁለት መክፈል ነው። አንደኛው ከአንድ ከሚያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ነው፤ ሁለተኛው የማይነጋገሩትን ሰው ሕይወት መመልከት ነው። ሁለቱ በአንድ መስታወት ውስጥ ስለሚታዩ አንድ ይመስሉናል። በ2006 የተፈለሰፈው መጨረሻ የሌለው ገጽና በ2009 ፌስቡክ ላይ የመጣው የ«ላይክ» ቁልፍ ያገለገሉት በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው፤ ድርጅቶቹ የሚሸጡት የእርስዎን ዓይን ለማስታወቂያ አቅራቢ ስለሆነ፣ ወዳጅዎን አግኝተው ስልኩን ቢዘጉ አይጠቅማቸውም።

የመመልከቻውን ሰዓት መቀነስ ይሠራል ወይ ለሚል ሰው፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት አለ። 143 ተማሪዎች ከተሳተፉበት በዚህ ሙከራ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ለሦስት ሳምንታት እንዲጠቀሙ የተደረጉት፣ እንደ ልማዳቸው ከቀጠሉት ይልቅ የብቸኝነትና የድብርት ስሜታቸው ቀንሷል። ከዚህ ጎን ለጎን የሚነበበው ሌላው ሙከራ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የተደረገው ነው፤ ፌስቡክን ለአራት ሳምንታት የዘጉ ሰዎች ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ያሳለፉት ጊዜ ጨምሯል፤ ብቻቸውን ቴሌቪዥን ያዩበት ጊዜም ግን አብሮ ጨምሯል። ይህች ሁለተኛዋ ውጤት ትልቅ ምክር ናት፤ የተለቀቀ ሰዓት ራሱ ወደ ሰው አይሄድም፣ የሚወስደው ካላዘጋጁለት ሌላ መስታወት ፊት ይቀመጣል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ከሰው በቀጥታ ከሚመጣ ጥሪና መልእክት በቀር ያሉትን ማሳወቂያዎች በሙሉ ይዝጉ። የመመልከቻ መተግበሪያዎቹን ከስልኩ አጥፍተው በኮምፒውተር ብቻ ይክፈቷቸው። ከዚያም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀድሞ ገጽ ሲያገላብጡ ይቀመጡበት በነበረው ሰዓት፣ ለአንድ ሰው ይደውሉ። ጽሑፍ ከመላክ መደወል ይሻላል ስል የግል ምርጫዬን ብቻ አልናገርም፤ አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኢፕሊ በ2021 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከድሮ ወዳጅ ጋር በድምፅ መነጋገር በጽሑፍ ከመነጋገር ይልቅ ያሳፍረኛል ብለው ገምተው ነበር፤ በተግባር ግን በድምፅ የተነጋገሩት ይበልጥ ተቀራርበዋል፣ የፈሩት እፍረትም አልደረሰም።

የጥሪው አስቸጋሪ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ደቂቃዎች ናቸው። «እንደምን ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ያው ነው» ተብሎ ያልቅና ዝምታ ይመጣል፤ ብዙ ሰው በዚህ ቦታ «በል እንግዲህ አላስቸግርህ» ብሎ ይዘጋል። እዚህ ላይ እንዳይዘጉ። ከመደወልዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ በእጅዎ ይያዙ፤ በዚያ ሳምንት ያጋጠመዎትን ትንሽ ነገር፣ ወይም ከዚያ ሰው በቀር ሌላ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ። «ያን ጊዜ አብረን ተከራይተን ሳለን የኩሽናውን ቧንቧ ያሰርህበት ዘዴ ምን ነበር? እኔ ጋ ዛሬ ያው ነገር እየፈሰሰ ነው» ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ ቧንቧው መልስ ያገኛል፣ ከቧንቧውም ጋር የዚያን ዘመን ጨዋታ ያገኛል።

በአካል ሲገናኙ ደግሞ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ ከዓይን ያርቁት። በ2018 በታተመ ሙከራ ከወዳጆቻቸው ጋር ገበታ ቀርበው ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን የተደረጉት ሰዎች፣ ስልካቸውን ከዓይን ካራቁት ይልቅ በሐሳብ ተበታትነዋል፣ ከጨዋታውም ያገኙት ደስታ አንሷል። ልዩነቱ ትልቅ አልነበረም፤ ዋጋው ግን አንድ ኪስ ብቻ ስለሆነ ችላ የሚባል አይደለም።

ከመግዛት በፊት

ሸመታና ብቸኝነት ያላቸው ዝምድና ከሚባለው በላይ የተወሳሰበ ነው። ሪክ ፒተርስ በኔዘርላንድ ከ2,500 የሚበልጡ ሸማቾችን ለስድስት ዓመታት ተከታትሎ በ2013 ያሳተመው ጥናት፣ ብቸኝነት ሰውን ወደ ዕቃ እንደሚገፋው፣ ዕቃም የስኬት መለኪያ ወይም የኀዘን መድኃኒት ሲሆን ብቸኝነትን መልሶ እንደሚያባብስ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ዕቃን ለራሱ ለዕቃው ደስታ የሚወድዱ ሰዎች ላይ ይህ ጉዳት አልታየም፤ እንዲያውም ብቸኝነታቸው ቀንሷል። ስለዚህ ጥሩ ወንበር በመግዛቱ ደስ ያለውን ሰው የሚወቅስ ስብከት ተገቢ አይመስለኝም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ዕቃው በምን ቦታ እንደገባ ነው፤ በራሱ ቦታ ነው የገባው ወይስ በሰው ቦታ?

ማታ ሆድ ባብቶ ስልክ ላይ ዕቃ ማገላበጥ ሲጀምሩ፣ ከመክፈልዎ በፊት ዕቃውን በቅርጫቱ ውስጥ ለሁለት ቀን ይተዉትና በእነዚያ ሁለት ቀናት አንድ ነገር ይሞክሩ፤ ያንን ዕቃ ከሚያውቁት ሰው መካከል ማን እንዳለው ያስቡና ይጠይቁት። መሰርሰሪያ፣ ሻንጣ፣ ድንኳን፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሕፃን አልጋ፣ እነዚህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በሰው ቤት ተኝተው የሚከርሙ ዕቃዎች ናቸው። ዋጋቸውን መቆጠብ ተጨማሪ ጥቅም ነው፤ ዋናው ጥቅም ግን የተዋሰ ሰው ሁለት ጊዜ በር ማንኳኳቱ ነው፤ አንዴ ሊወስድ፣ አንዴ ሊመልስ። የመለሰ ዕለት ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ቢመጣም ቆሞ አይሄድም።

እዚህ ላይ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወዳጆች አንድ ቃል ልበል፤ እነርሱም የሚሸጡ ሆነዋልና። ሰው ለማሽን ልቡን መክፈቱ አዲስ ነገር አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 ያስተዋወቀው ኢላይዛ የተባለ ፕሮግራም የተጻፈለትን ወደ ጥያቄ ቀይሮ ከመመለስ የዘለለ ነገር አያውቅም ነበር፤ ይሁንና የገዛ ጸሐፊው ከፕሮግራሙ ጋር ስትጻጻፍ ከክፍሉ እንዲወጣላት እንደጠየቀችው ዋይዘንባውም ራሱ ተርኳል። የዛሬዎቹ እጅግ የላቁ ናቸው፤ ሌሊት ለማይተኛ ሰው፣ ወይም ከባድ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ቃላቱን መሞከር ለሚሻ ሰው ሊጠቅሙ ይችላሉ። ጎደሎአቸው ግን የብልኅነት ጉድለት አይደለም። እርስዎን አይፈልጉም። ታምመው አይጠይቋቸውም፣ ቤት ሲቀይሩ ዕቃ አያሸክሙዎትም፣ ቀጠሮ አርፍደው አያናድዱዎትም። ከእነርሱ ጋር ሲነጋገሩ ማምሸት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ነገ በሰባት ሰዓት የእርስዎን መምጣት እየጠበቀ እንደሆነ አውቆ መተኛት ሌላ ነገር ነው።

የቀዘቀዘ ወዳጅነትን ማሞቅ

አዲስ ወዳጅ ከመፈለግ በፊት የነበረውን መቀስቀስ በብዙ እጥፍ ይቀልላል፤ ሥራው ተሠርቶ ተቀምጧልና። የሚያግደን በአብዛኛው ይሉኝታ ነው፤ «ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ አሁን ምን ብዬ ልጀምር፣ ምን ፈልጎ ነው ቢለኝስ» እንላለን። እኔም ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሳንጣላ ተቋርጠን ሦስት ዓመት ሞልቶን ነበር። የመጀመሪያው ረቂቄ ለዝምታዬ ይቅርታ የሚጠይቅ ሙሉ ገጽ ነበር፤ አጠፋሁት። ሁለተኛው «እንዴት ነህ?» ብቻ ነበር፤ እርሱም መልስ የሚያስጨንቅ ባዶ ጥያቄ መስሎ ስለታየኝ አጠፋሁት። የላክሁት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዛሬ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ጃንጥላውን ረስቶ ሲመለስ አየሁና ትዝ አልከኝ። ምንም ጉዳይ የለኝም፣ ደህና መሆንህን ልጠይቅ ብዬ ነው።» መልሱ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ «ሦስተኛውን ጃንጥላ ጥዬ አራተኛው ላይ ነኝ» ይላል።

የዚያ መልእክት አሠራር ቀላል ነው፤ አንድ የተለየ ትዝታ አለበት፣ ወቀሳም ረጅም ይቅርታም የለበትም፣ ጉዳይ እንደሌለ ይናገራል። ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ በ2022 ባሳተሟቸው ተከታታይ ሙከራዎች ሰዎች እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጥያቄ ተቀባዩን ምን ያህል እንደሚያስደስተው ሲገምቱ ከእውነተኛው አሳንሰው ይገምታሉ፤ ተቀባዩን በይበልጥ የሚያስደስተውም ያልጠበቀው መሆኑ ነው። አምስት ስሞች ይጻፉና በአምስት ሳምንት ለአምስቱ ይላኩ። አንዱ ወይም ሁለቱ አይመልሱም፤ ይህ ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

አዲስ ወዳጅነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 ባወጣው ጥናት ይህን ጥያቄ በሰዓት ለመመለስ ሞክሯል። ከትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ገደማ፣ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ አስፈልጓል። አንድ ቢሮ ውስጥ አብሮ በመሥራት ብቻ ያለፈው ሰዓት ያን ያህል አላቀራረበም፤ የሚቆጠረው በፈቃድ አብረው የተቀመጡበት፣ የተጫወቱበት፣ የተዝናኑበት ሰዓት ነው። ቁጥሮቹን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ስፋት መለኪያ ይውሰዷቸውና ያስሉ፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚገናኙ ሰዎች ወደ 50 ለመድረስ ግማሽ ዓመት፣ ወደ 200 ለመድረስ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። «ሦስት ጊዜ ሄድሁ፣ ማንም አላቀረበኝም» ብሎ የሚተው ሰው ስድስተኛው ሰዓት ላይ ነው የተወው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ምክር፣ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያልፍ ዝግጅትን ትቶ የሚደጋገም ነገር መምረጥ ነው። የቋንቋ ትምህርት፣ መዘምራን፣ የእግር ጉዞ ቡድን፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ የቼዝ ክበብ፣ ማናቸውም ቢሆን፣ ሰዎቹ ያው ከሆኑ፣ ቀኑ ያው ከሆነና ሥራው እጅ የሚያስይዝ ከሆነ ይበቃል። እጅ የሚያስይዝ ማለቴ ለዓይን አፋር ሰው ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ስለ ራስህ ንገረኝ» ከመባባል ይልቅ ጎን ለጎን ሆኖ ወንበር መደርደር ብዙ ያናግራል። ቢያንስ አሥር ጊዜ ሳይቀሩ ለመሄድ ከራስዎ ጋር ይዋዋሉ፤ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ጊዜ በኋላም አንድ ሥራ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ቁልፍ የሚይዝ፣ ወንበር የሚያሰናዳ፣ ስም የሚመዘግብ ሰው ሲቀር «የት ሄደ?» ይባላል።

ምን ያህል ሰው ያስፈልጋል ለሚለው፣ ሮቢን ደንባር ከ1992 ጀምሮ ያቀረበው ግምት ይታወቃል፤ አንድ ሰው በአግባቡ ሊይዝ የሚችለው ግንኙነት 150 ያህል ሲሆን፣ በውስጡ 50፣ 15 እና 5 የሚሆኑ እየጠበቡ የሚሄዱ ክቦች አሉ። ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩ ምሁራን ብዙ ናቸው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን አሳቡ ነው፤ የመጨረሻዋ ጠባብ ክብ ከአምስት ሰው እንደማትበልጥ ያወቀ ሰው አምስት ሺህ ተከታይ ባለማግኘቱ አይበሳጭም።

የሩቅ ትውውቅንም አይናቁ። ጊሊያን ሳንድስትሮምና ኤልዛቤት ደን በ2014 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ከማይቀርቧቸው ትውውቆች ጋር በርከት ብለው በተነጋገሩባቸው ቀናት ደስታቸውና የአባልነት ስሜታቸው ከፍ ይላል። ማሽኑን ትተው ሰው ባለበት መክፈያ ይሰለፉ፤ ሁልጊዜ የሚያዩትን ጥበቃ በስሙ ይጥሩት።

መጠየቅ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መስጠት የለመደ ሰው እንኳ መጠየቅ ይከብደዋል፤ የገበያው ትልቁ ስጦታም ያለ ውለታ መኖር ነው፣ ከፍለህ ትወስዳለህ፣ ብድር የለብህም። ይሁን እንጂ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ሰውም የማይጠይቀውን ሰው «ይህስ ምንም አይጎድልበት» ብሎ ያልፈዋል። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ በ2008 ባሳተሙት ጥናት እርዳታ የሚጠይቁ ሰዎች እሺታ ለማግኘት ስንት ሰው መጠየቅ እንደሚኖርባቸው አስቀድመው ሲገምቱ በእጅጉ አብዝተው ገመቱ፤ በተግባር እሺ የሚለው ሰው ከጠበቁት በላይ ነበር።

ሲጀምሩ ትንሽ፣ ግልጽና እምቢ ለማለት የሚቀልል ነገር ይጠይቁ። «አንዳንድ ጊዜ ብትረዳኝ ደስ ይለኛል» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ «ቅዳሜ ጠዋት ይህን ሶፋ ለማውረድ ለአሥር ደቂቃ እጅ ትሰጠኛለህ? ካልተመቸህ ችግር የለውም» የሚለው ነው። የተደረገልዎትን ወዲያውኑ በገንዘብ ወይም በስጦታ ለመዝጋት አይቸኩሉ፤ ዕዳው ትንሽ ቢቆይ ቀጣዩን ግንኙነት ይወልዳል። እኔ መሰላሌን ቤት ለቀየረ ሰው ሰጠሁት። ሲያስፈልገኝ የጎረቤቴን በር አንኳኳለሁ፤ እርሱ ደግሞ ቤት በማይኖርበት ጊዜ ቁልፉን እኔ ዘንድ ይተዋል። ባለፈው ጊዜ መሰላሉን ልዋስ ገብቼ የወጣሁት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ አምፖሉ ግን ገና አልተቀየረም ነበር።

ከሰው ሲለያዩም «እንገናኝ እስቲ» ተባብለው አይለያዩ፤ ቀን ይቁረጡ። በር ላይ ቆሞ «የሚመጣው ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ይሆንሃል?» ማለት ለአፍታ ያሳፍራል፤ ካልተባለ ግን ሦስት ወር ያልፋል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ጋብዘውት ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ቀን ሳይጠቁም እምቢ ካለ፣ ሳይኮራረፉ ይተዉትና ወደ ሌላው ይለፉ። የሚቀልድብዎት፣ የሚያሳንስዎት ወይም ሲቸግረው ብቻ የሚያስታውስዎት ሰው ደግሞ የብቸኝነት መድኃኒት አይሆንም፤ ከእርሱ ጋር ያለፈ ሰዓት በሆል ሒሳብ ቢቆጠርም ባይቆጠር ይሻላል።

ከሦስት ወር በኋላ መጀመሪያ ያስቀመጡትን ወረቀት አውጥተው ሦስቱን ጥያቄዎች እንደገና ይመልሱ። ከ8 ወደ 7 መውረድ ትንሽ መስሎ ቢታይም እየሠራ ያለ ነገር እንዳለ ያሳያል፤ የትኛው እንደሆነ ለይተው እርሱን ያብዙት። ቁጥሩ ባለበት ከቆመ፣ የጎደለው ክበብ ሆኖ ሳለ የልብ ወዳጅ ሲፈልጉ ወይም በተቃራኒው ሲደክሙ ከርመው እንደሆነ ይመርምሩ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ የሚበላው ካልጣመ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ለሳምንታት ከደበዘዘ ግን ጉዳዩ ከዚህ መመሪያ በላይ ነውና ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይሂዱ፤ መኖር የሚያስጠላ አሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያኑ ቀን ለአንድ ሰው በድምፅ ይንገሩና ወደ ድንገተኛ ሕክምና አብሮዎት እንዲሄድ ይጠይቁት።